ለራሳቸው ለሚሰሩ ሰዎች የፈጠራ ኮወርኪንግ ኮሚኒቲ ስለመገንባት፡ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይሄ ፅሁፍ ፍሪላንስ ሚሰሩ ዲዛይነሮች፣ ፀሃፊዎች፣ ቪዲዮ ኤዲተሮች፣ ፎቶግራፈሮች፣ ፕሮግራመሮች ምናምን አንድ ላይ ሚሰሩበት ቦታ (ኮወርኪንግ ሚባለውን) መክፈት ለሚያስቡ ሰዎች ነው። ሰው ደጋግሞ ሚጠይቀውን ሰብስቤ እኔ ማምንበትን መልስ ፅፌያለው። አንዳንዱ መልስ ረዝሟል፣ ጉዳዩ ራሱ ስለሚከብድ ነው። አመቶቹ በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ኮወርኪንግ ከቢሮ ኪራይ በምን ይለያል? ሁለቱም ጋ ጠረጴዛና ዋይፋይ አይደል እንዴ ያለው?

ከውጪ ሲታይ አዎ አንድ ነው። ልዩነቱ ሰውየው ምን ፈልጎ መጣ ሚለው ላይ ነው። ቢሮ ሚከራይ ሰው በር ዘግቶ ሚሰራበት ክፍል ይፈልጋል፣ ጎረቤቱ ማን እንደሆነ ባያውቅም ምንም አይጎልበትም። ለብቻው ሚሰራ ሰው ግን ጠረጴዛማ ብዙ ጊዜ ቤቱም አለው። የሌለው ነገር "ከነዚ ከሁለቱ ሎጎዎች የቱ ይሻላል?" ብሎ ሚጠይቀው ሰው ነው፣ ደምበኛ ክፍያ ሲያጓትትበት "እኔም ጋ እንደዛ ሆኖ ነበር እንዲ አድርጌ ነው ያስከፈልኩት" ሚለው ሰው፣ ጠዋት ልብሱን ቀይሮ ከቤት እንዲወጣ ሚያደርገው ምክንያት።

ነገርየው የተጀመረውም ከዚሁ ፍላጎት ነው። ኦገስት 9 ቀን 2005 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ብራድ ኒውበርግ ሚባል ፕሮግራመር የቢሮ ሰው ያለውን ህብረትና ለራሱ ሚሰራ ሰው ያለውን ነፃነት አንድ ላይ ለማግኘት ብሎ ስፓይራል ሚዩዝ ሚባል ቤት ውስጥ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ቦታ ከፈተ። የነበረው ከ5 እስከ 8 ጠረጴዛ፣ ነፃ ዋይፋይ፣ አብሮ ምሳ መብላት እና አመሻሽ ላይ ልክ 11፡45 ሲል መዝጋት ነበር። መጀመሪያ ሰሞን ማንም አልመጣም። እኔን ደስ ሚለኝ የምሳውና የመዝጊያ ሰዓቱ ነገር ነው፣ ከጠረጴዛው እኩል ሰው አብሮ እንዴት ይዋል ሚለው ታስቦበታል ማለት ነው። እስካሁንም በየአመቱ ኦገስት 9 የኮወርኪንግ ቀን ተብሎ ይከበራል።

መጀመሪያ ቤቱን ልከራይ ወይስ ሰው ልሰብስብ?

ሰው! በዚ ጉዳይ ላይ ምንም አላመነታም።

ምክንያቱን ላስረዳ። ቤት ከተከራያችሁ ቀን ጀምሮ ኪራዩ መቁጠር ይጀምራል፣ ኪራይ መቁጠር ሲጀምር ደሞ በሩን ያንኳኳ ሰው ሁሉ እንዲገባ ትፈልጋላችሁ፣ ስልክ ላይ ሲጮህ ሚውል ሽያጭ ሰራተኛም ይሁን ሶስት ሰው ይዞ ክፍሉን ሚሞላ ድርጅትም ይሁን እሺ ትላላችሁ ምክንያቱም የወሩ መጨረሻ እየደረሰ ነው። እና የመጀመሪያዎቹ አስር ሰዎች ናቸው ቤቱ ምን አይነት እንደሚሆን ሚወስኑት፣ አስራ አንደኛው ሰው ገብቶ ዙሪያውን አይቶ "እዚ ሰው እንደዚ ነው ሚሆነው" ብሎ ነው ሚቀመጠው። ሰላምታ ሚሰጣጡበት ቤት ከሆነ ሰላም ይላል፣ ሁሉም ሄድፎን አድርጎ አንገቱን የደፋበት ከሆነ እሱም ይደፋል። ከዛ በኋላ ያንን መቀየር በጣም ከባድ ነው።

ቤት ሳይኖር እንዴት ይሰበሰባል ካላችሁ፣ በሳምንት አንድ ቀን፣ ሁሌም በዛው ቀን፣ ሁሌም በዛው ሰዓት፣ አብሮ በመስራት ነው። የአንዱ ሳሎን ሊሆን ይችላል፣ የቤተ መፃህፍት ክፍል ሊሆን ይችላል፣ በዛ ቀን ባዶ ሚሆን የጓደኛ ስቱዲዮ ሊሆን ይችላል። ኒውዮርክ ውስጥ በ2006 አሚት ጉፕታና ሉክ ክሮፎርድ ሚባሉ አብረው ሚኖሩ ልጆች ሰዎችን ቤታቸው እየጋበዙ አብሮ መስራት ጀመሩ፣ ጄሊ ብለው ሰየሙት፣ ሶፋና ኢንተርኔት ብቻ ነበር ያለው፣ ሀሳቡ ግን ወደ ብዙ ከተሞች ተዛመተ። ፊላደልፊያ ውስጥ በ2007 የተከፈተው ኢንዲ ሆል ሚባለው ኮወርኪንግ ቤትም እንደዛው ነው፣ አሌክስ ሂልማንና ጓደኛው ቤት ከመከራየታቸው በፊት ነው ሰዎቹን እያገናኙ የቆዩት፣ ቤቱ ሲከፈት ሰዎቹ ተዋውቀው ነበር።

እንዴት እንደሚካሄድም ልበል፣ ዝም ብሎ ላፕቶፕ ከፍቶ መቀመጥ አይበቃም። ስትጀምሩ እያንዳንዱ ሰው ስሙንና ዛሬ ምን ሊጨርስ እንደመጣ በአንድ አረፍተ ነገር ይናገር። ከዛ ሁለት ሶስት ሰዓት ዝም ተብሎ ይሰራ። መጨረሻ ላይ ግማሽ ሰዓት ያህል የፈለገ ሰው የሰራውን ያሳይ፣ ያልጨረሰውንም ቢሆን፣ እንደውም ያልጨረሰውን ማሳየት ይሻላል፣ ያለቀ ስራ ላይ ሰው አድንቆ ነው ሚያልፈው፣ ያላለቀ ላይ ግን ሀሳብ ይሰጣል። ሰው ሚግባባው እዛ ጋ ነው።

ቤት ለመከራየት ጊዜው እንደደረሰ በምን አውቃለሁ ለሚለው ደሞ እኔ ትልቁን ቦታ ምሰጠው ምልክት ይሄ ነው፣ እናንተ የቀራችሁ ቀን ሌላ ሰው ከፍቶ፣ አስተናግዶ፣ ዘግቶ ከሄደ። ያኔ ኮሚኒቲ አለ። እናንተ ስትቀሩ ሚበተን ከሆነ ግን ያላችሁ ኢቨንት ነው፣ ትንሽ ታገሱ።

ስንት ሰው ሲኖር ነው ኪራዩ ሚያዋጣው?

ቁጥሩ እንደየቤቱ ይለያያል፣ አሰራሩን ላሳይ። በወር ማይቀሩ ወጪዎችን በሙሉ ደምሩ፣ ኪራይ፣ ኢንተርኔት፣ መብራት፣ ፅዳት፣ ጥገና፣ ኢንሹራንስ፣ የምታስተናግዱበት ጊዜ ዋጋ (ይሄን ሰው ይረሳዋል፣ የራሳችሁን ደሞዝ ዜሮ ብላችሁ ያሰላችሁት ሂሳብ አመት አያደርሳችሁም)። ያንን ለአንድ ሜምበር (አባል) ወርሃዊ ክፍያ አካፍሉ፣ ከዛ ሁለት ሶስት ሰው በየወሩ እንደሚለቅ አስባችሁ ጨምሩበት።

የጠረጴዛ ቁጥርና የሜምበር ቁጥር አንድ አይደለም። 20 ጠረጴዛ ካላችሁና ሰው በአማካይ ከአምስቱ የስራ ቀናት ሁለቱን ሚመጣ ከሆነ በወረቀት ላይ 50 ሰው ይይዛል። ግን ሰው እኩል ተከፋፍሎ አይመጣም፣ የሳምንቱ መሃል ይጨናነቃል፣ አርብ ባዶ ይሆናል። ስለዚ ማስላት ያለባችሁ በጣም ሚሞላውን ቀን ነው እንጂ አማካዩን አይደለም። 50ውን ብትመዘግቡ መሃል ሳምንት ላይ ከፍሎ መቀመጫ ሚያጣ ሰው ይኖራል፣ እሱ ሰው ደሞ ሁለተኛ ጊዜ ላይመጣ ይችላል። 35 አካባቢ ላይ ቆም ብላችሁ እዩት።

አንድ ትልቅ አደጋ ደሞ አለ። ዊወርክ ሚባለው ኮወርኪንግ ቦታ ሚያከራይ ድርጅት በ2010 ኒውዮርክ ተጀምሮ በ2019 መጀመሪያ ላይ 47 ቢሊዮን ዶላር ተገምቶ ነበር፣ በኖቬምበር 2023 ደሞ የኪሳራ ማመልከቻ አስገባ። ምክንያቱ ብዙ ነው፣ ከስሩ ያለው ግን ትንሽ ቤትም ላይ ሚደርስ ነገር ነው፣ ለባለ ህንፃው የረጅም አመት ውል ፈርሞ ለተጠቃሚው ግን በወር በወር ማከራየት። ሰው በአንድ ወር ውስጥ መውጣት ይችላል፣ እናንተ ግን ለአመታት ታስራችኋል። ስለዚ ውል ስትፈርሙ ቶሎ መውጫ አንቀፅ ወይም ለሌላ የማከራየት መብት እንዲገባ ተከራከሩ፣ ባለቤቱ እምቢ ካለ አጭር ውል በትንሽ ውድ ዋጋም ቢሆን ይሻላል ባይ ነኝ።

አንድ አይነት ሙያ ይሻላል ወይስ የተደባለቀ?

የተደባለቀ፣ ግን ዝም ብሎ አይደለም። ሁሉም ሎጎ ሰሪ ከሆነ ሁሉም አንድ ደምበኛ ነው ሚጠብቀው፣ ዋጋ መነጋገር ይፈራል፣ ስራ መቀባበል አይቻልም። ሁሉም ፍፁም ማይገናኝ ከሆነ ደሞ ሚያወራው የለውም። ጥሩው ስራቸው ሚነካካ ሰዎች ናቸው፣ መፅሃፍ ሚፅፍ፣ ሽፋን ሚሰራ፣ ድህረ ገፅ ሚያበጅ፣ ፎቶ ሚያነሳ፣ ሂሳብና ግብር ሚያውቅ። ለብቻው ሚሰራ አርቲስት የቀጠሮና የደረሰኝ ጣጣ ውስጥ ሲዘፈቅ አጠገቡ አንድ የሂሳብ ባለሙያ መኖሩ ብዙ ነገር ይቀይራል።

ከያንዳንዱ ሙያ ግን ሁለት ሶስት ሰው ቢኖር መልካም ነው። ብቸኛዋ ኢለስትሬተር (ስዕል ሰሪ) ስለ ብሩሽ ምታወራው ሰው ትፈልጋለች።

ድምፅ እንዴት ይደረጋል? አንዱ ያወራል አንዱ ዝምታ ይፈልጋል።

የኮወርኪንግ ጠብ ቢቆጠር አብዛኛው ድምፅ ላይ ነው ሚሆነው ብዬ አምናለሁ፣ ስለዚ ጊዜ ስጡት።

መጀመሪያ መረዳት ያለባችሁ ሰውን ሚረብሸው የድምፁ መጠን ብቻ አለመሆኑን ነው። ሚረብሸው ቃላቱ ሲሰሙ ነው። የቬንቲሌተር ድምፅ ቀኑን ሙሉ ቢሰማ ትለምዱታላችሁ፣ ሁለት ሜትር ርቀት ላይ "አዎ… እሺ… ማክሰኞ?" ሚል ሰው ግን አእምሯችሁን ይጎትተዋል። የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2010 ባወጡት ጥናት ደሞ የስልክ ንግግር አንዱን ወገን ብቻ መስማት ሁለቱንም ከመስማት የበለጠ ትኩረት እንደሚሰርቅ አሳይተዋል፣ አእምሮ የጎደለውን ግማሽ ለመገመት ይደክማል። ስለዚ አጠገባችሁ ሁለት ሰው ቢያወራ ከሚረብሻችሁ በላይ አንድ ሰው በስልክ ሲያወራ ይረብሻል፣ ስልክ ሚያወራው ሰው ደሞ "እኔ እኮ ቀስ ብዬ ነው" ይላል፣ እውነቱንም ነው፣ ግን ችግሩ እሱ አይደለም።

ከዚህ ሚወጣው መፍትሄ ግልፅ ነው። ስልክና የቪዲዮ ስብሰባ ከዋናው ክፍል ይውጣ። የስልክ ክፍሎች ሳትሰሩ ሌላ ምንም ማስዋቢያ አትግዙ፣ ሁለት ትንንሽ ቦክሶች ከአንድ ትልቅ ሚቲንግ ሩም በላይ ይጠቅማሉ፣ ምክንያቱም ብዙውን ጊዜ ትልቁ ክፍል ውስጥ ሚገኘው ብቻውን ዙም ላይ ያለ ሰው ነው። ቦክሱ አየር ማስገቢያ ይኑረው፣ ካልሆነ ሰው ሃያ ደቂቃ ሳይሞላው በሩን ከፍቶ ያወራል። ምንጣፍ፣ መጋረጃ፣ መፅሃፍ የሞላ መደርደሪያ፣ ጣሪያ ላይ ድምፅ ሚመጥ ፓኔል፣ እነዚህ ማስተጋባቱን ይቀንሳሉ፣ መስታወትና ሲሚንቶ ብቻ የሆነ ክፍል ፎቶ ላይ ያምራል፣ ለጆሮ ግን መከራ ነው። አንዱን ክፍል ወይ ጥጉን ፍፁም ዝምታ በሉት፣ ሌላውን እንደልብ ይወራበት፣ መሃሉን ለቀቅ አድርጉት። ሙዚቃና የድምፅ ቀረፃ ሚሰሩ ሰዎችን በሄድፎን ብቻ መያዝ ስለማይቻል የተለየ ክፍል ከሌላችሁ ከመጀመሪያው ንገሯቸው፣ ከተመዘገቡ በኋላ መንገር ነውር ነው።

ቦታው ውስጥ ምን ምን መሟላት አለበት?

ኢንተርኔቱ ላይ አትቆጥቡ። ሰው ሚያየው የዳውንሎድ ፍጥነቱን ነው፣ የፈጠራ ሰራተኛ ጋ ግን ሚያስጨንቀው አፕሎዱ ነው፣ ቪዲዮ ኤዲተር ትልቅ ፋይል ሲልክ የቤቱ ሰው ሁሉ ስብሰባ ይቆራረጣል። አንድ ጥራት ያለው የቪዲዮ ስብሰባ በሰከንድ ከ3 እስከ 4 ሜጋቢት ሲወጣም ሲገባም ይፈልጋል፣ አስር ሰው በአንዴ ቢደውል 40 ነው፣ ከዛ ላይ ፋይሉን ጨምሩ። ራውተሩ ላይ አንድ ሰው ሁሉንም እንዳይጠጣው ገደብ አድርጉ፣ ትልቅ ፋይል ለሚልኩት በኬብል ሚያያዙበት ጠረጴዛ ይኑር፣ ከተቻለ ከሌላ ድርጅት ሁለተኛ መስመር ለመጠባበቂያ ያዙ። ዋይፋይ ደሞ 2.4 ጊጋኸርዝ ላይ እርስ በርስ ማይረባበሹት ቻናሎች ሶስት ብቻ ናቸው፣ 1፣ 6 እና 11፣ ጎረቤት ሁሉ እዛው ላይ ስለሚሆን የሜምበሮቹን ወደ 5 ጊጋኸርዝ አድርጉት።

ወንበር ከጠረጴዛ ይቀድማል። ርካሽ ጠረጴዛ ላይ ስምንት ሰዓት መስራት ይቻላል፣ ርካሽ ወንበር ላይ አይቻልም።

መብራት ላይ፣ ለፅሁፍና ለኮምፒዩተር ስራ የአውሮፓ ደረጃ ጠረጴዛው ላይ 500 ሉክስ (የብርሃን መለኪያ ነው) ይላል፣ ይሄ ከብዙ ሳሎን በደምብ ይበልጣል። ቀለም ሚሰሩ ሰዎች (ፎቶ፣ ህትመት፣ የቪዲዮ ቀለም ማስተካከል) ካሉ ደሞ አንዱን ጥግ ለነሱ ስጡ፣ ግድግዳው ግራጫ ወይ ነጭ ይሁን፣ ፀሃይ ቀጥታ አይግባበት፣ ብርቱካናማ የተቀባ ግድግዳ ስር የተስተካከለ ፎቶ ሌላ ቦታ ሲታይ ቀለሙ ሊዛባ ይችላል ምክንያቱም አይን ዙሪያውን አይቶ ነው ሚላመደው።

ሚቆለፍ ሎከር። ካሜራ ያለው ሰው ሽንት ቤት ሲሄድ ቦርሳውን ተሸክሞ መሄድ የለበትም። ብዙ ሶኬት፣ አየር ሚገባበት መስኮት፣ ሊፍት ወይም መሬት ላይ ያለ መግቢያ ዊልቸር ለሚጠቀም ሰው። ይሄ የመጨረሻው ሲጨናነቅ ሚታለፍ አይደለም፣ ኮወርኪንግ ገና ሲጀመር አብረው ከተቀመጡት እሴቶች አንዱ ለሁሉም ተደራሽ መሆን ነው።

ህጉን ማን ያውጣ? ግድግዳ ላይ ልለጥፈው?

መለጠፉ ችግር የለውም፣ ማን ፃፈው ሚለው ነው። ኤሊኖር ኦስትሮም በ2009 የኢኮኖሚክስ ኖቤል ያገኘችው (በዘርፉ የመጀመሪያዋ ሴት ናት) ሰዎች የግጦሽ መሬት፣ የዓሣ ማስገሪያ፣ የመስኖ ውሃ በጋራ ሲጠቀሙ ምን ሲሆን እንደሚዘልቁ በማጥናቷ ነው። ያገኘቻቸውን ነገሮች የጋራ ክፍል ላይ ብታመጧቸው በደምብ ይሰራሉ። ህጉ ሚነካቸው ሰዎች ህጉን ሲያወጡ ይኑሩበት። ጥፋትን ሚከታተለው ከነሱው መሃል ይሁን። ቅጣቱ ከትንሽ ጀምሮ ቀስ እያለ ይክበድ፣ መጀመሪያ በፈገግታ ማስታወስ፣ ከዛ ለብቻ ማናገር፣ ከዛ ወደላይ። ሲጣሉ ደሞ ቶሎና ያለ ብዙ ጣጣ ሚታረቁበት መንገድ ይኑር።

በተግባር፣ ስትከፍቱ አምስት ስድስት ህግ ብቻ ይዛችሁ ተነሱ፣ በሶስት ወር አንዴ ሜምበሮች ተቀምጠው ይከልሱት። የትኛው ይውጣ ሚለውንም ጠይቁ፣ ህግ ሲጨመር ነው እንጂ ሲቀነስ አይታይም። ሰው ራሱ የተስማማበትን "ሳህንህን እጠብ" እና ባለቤቱ የለጠፈውን "ሳህንህን እጠብ" ሚያይበት አይን የተለያየ ነው።

ሆስት (ቤቱን ሚያስተናግድ ሰው) መቅጠር አለብኝ ወይ?

መጀመሪያ ሆስቱ እናንተ ናችሁ፣ በኋላ ሰው ትቀጥሩ ይሆናል። ግን ያለ ሆስት አይሆንም፣ ይሄ ስራ የእንግዳ ተቀባይ ስራ ብቻ ተደርጎ ሲቆጠር ያሳዝነኛል። የሆስት ዋና ስራ ሰውን ከሰው ማገናኘት ነው፣ ለዛ ደሞ እያንዳንዱ ሰው ምን እየሰራ እንደሆነና ምን እንደቸገረው ማወቅ አለበት፣ ማለትም ማዳመጥ።

አዲስ ሰው ሲመጣ የመጀመሪያው ቀን ላይ ሶስት ሰው በስም አስተዋውቁት፣ አንዱ ስራው ሚቀርበው፣ አንዱ ስራው ሚርቀው፣ አንዱ ቤቱ ውስጥ የቆየ። "ተዋወቁ" ብሎ ጥሎ መሄድ አይደለም፣ "እሷ የህፃናት መፅሃፍ ስዕል እየሰራች ነው፣ አንተ ደሞ ህትመት ቤት ሰርተሃል አይደል፣ ስለ ወረቀት ጥያቄ ነበራት" ብሎ ወሬውን አስይዞ መሄድ ነው። በሁለተኛው ሳምንት ደግሞ ቀርባችሁ እንዴት ነው በሉት። አዲስ ሰው ሚለቀው ብዙ ጊዜ ተጣልቶ አይደለም፣ ሳያውቁት መጥቶ ሳያውቁት ነው ሚሄደው።

ኢቨንት ምን ያህል?

ትንሽና ማይቋረጥ። በሳምንት አንዴ አብሮ ምሳ፣ በወር አንዴ ስራ ማሳያ ምሽት ይበቃል። በየሳምንቱ ሶስት ኢቨንት ሚያደርግ ቤት አስተናጋጆቹ ቶሎ ይደክማሉ፣ ሜምበሩም ሊሰራ ነው የመጣው። ሜምበሩ ራሱ አዘጋጃለሁ ካለ ግን ሁሌም እሺ በሉ፣ ክፍሉን ስጡት።

ዝምተኛ ሰው ነኝ/ብዙ ሜምበሮቼ ዝምተኞች ናቸው፣ ይሄ ነገር ይሆናል?

ይሆናል፣ እንደውም ለነሱ ነው ብዬ ማስበው። ዝም ብሎ ሰው መሃል መስራት ራሱ አብሮ መሆን ነው፣ ሁሉም ማውራት የለበትም። ሚያስፈልገው ላለማውራት ፈቃድና ለማውራት ቀላል መግቢያ ነው። ብዙ ቦታ ሚሰራው ምልክት ሄድፎን ካደረገ አትናገረው፣ ካወለቀ ሰላም በለው ሚለው ነው። ለመግቢያው ደሞ ግድግዳ ላይ ሁለት አምድ ያለው ሰሌዳ ስቀሉ፣ "ይሄን እፈልጋለሁ" እና "ይሄን ማስተማር እችላለሁ" ሚል። ፊት ለፊት መጠየቅ ሚያፍር ሰው እዛ ላይ ይፅፋል፣ መልስ ሚሰጠውም ሰው ፈልጎት ይመጣል። ክብ ሰርቶ ራስህን አስተዋውቅ ሚለውን ደሞ ከአንድ አረፍተ ነገር አታስረዝሙት።

ሜምበሮች እርስ በርስ ስራ ሲሰጣጡ ቤቱ ኮሚሽን ይውሰድ?

አይውሰድ። ኮሚሽን ስትወስዱ ሰው ስራ መቀባበሉን ይደብቃችኋል፣ ከተደበቃችሁ ደሞ ማንን ከማን ጋር እንደምታገናኙ ማወቅ ታቆማላችሁ፣ ከዛ የቤቱ ዋና ጥቅም ጠፋ። ስራ ያገኘ ሰው በሚቀጥለውም አመት ሜምበር ይሆናል፣ የናንተ ገቢ እሱ ነው።

ማድረግ ያለባችሁ ግን ነገሩ በፅሁፍ እንዲሆን መግፋት ነው። ሁለት ወዳጆች "በኋላ እንነጋገራለን" ብለው ጀምረው ሲጨርሱ ነው ሚጣሉት፣ ጠባቸው ደሞ ክፍሉን በሙሉ ለሁለት ይከፍለዋል። አንድ ገፅ ይበቃል፣ ማን ምን ይሰራል፣ መቼ፣ ስንት፣ ስንት ጊዜ እርማት፣ ቅድሚያ ክፍያ ስንት፣ ስራው ከተሰረዘስ። የቅጂ መብቱ የማን ነው ሚለውን አትዝለሉት፣ በበርን ስምምነት (ብዙ አገሮች የፈረሙት የቅጂ መብት ስምምነት ነው) መሰረት የቅጂ መብት ሳይመዘገብም ስራው እንደተሰራ ነው ሚፈጠረው፣ ስለዚ ዲዛይነሩም ፀሃፊውም ሳያስቡት የጋራ ባለቤት ሊሆኑ ይችላሉ። ባዶ የውል ፎርም አዘጋጅታችሁ ሜምበሩ ሁሉ እንዲያገኘው አስቀምጡ፣ የአገራችሁን ህግ ሚያውቅ ሰው አንዴ ይየው።

የደምበኛ ሚስጥርም አለ። ስክሪን ሁሉም ሰው ሚያየው ቦታ ላይ ነው፣ ስለዚ ያልወጣ ስራ ፎቶ ማንሳት ክልክል ይሁን፣ ክፍሉን ለማስተዋወቅ ፎቶ ስታነሱ እናንተም ጭምር አስፈቅዱ።

የፍሪላንሰር ገቢ ይዋዥቃል፣ መክፈል ያቃተው ሰው ምን ይደረግ?

ይሄ ሳይደርስ በፊት ወስናችሁ ተቀመጡ፣ ምክንያቱም በእርግጠኝነት ይደርሳል። እኔ ምመርጠው ሶስት ነገር ነው። አንደኛ ሜምበርሺፕን ለአንድ ሁለት ወር ማቆም ሚቻልበት መንገድ፣ ከግሩፑም ከኢቨንቱም ሳይወጣ። ሁለተኛ በቀን ሚከፈል አነስተኛ አማራጭ፣ ስራ ሲቀንስ ወደሱ ሚወርድበት። ሶስተኛ በሰዓት ስራ መክፈል፣ በሳምንት ግማሽ ቀን ሆስት ሆኖ ማገዝ፣ ግን ይሄን በፅሁፍና በተወሰነ ሰዓት አድርጉት፣ ካልሆነ አንዱ ሁሉንም ይሰራል ሌላው ይረሳል። እና ለማንም ለብቻው በድብቅ ቅናሽ አታድርጉ፣ ያለው አማራጭ ለሁሉም ክፍት ሆኖ ይታይ፣ ሰው ሲቸግረው ለመለመን እንዳይገደድ።

አስቸጋሪ ሰው ቢገባስ?

አስቸጋሪ ሲባል ሁለት አይነት ነው። አንዱ ድምፁ ሚበዛ፣ እቃ ማያነሳ፣ ሁሉንም ደምበኛ ሊያደርግ ሚሞክር፣ እሱን ለብቻው ጠርቶ በግልፅ መናገር ብዙ ጊዜ ያስተካክለዋል። ለግሩፑ በሙሉ "አንዳንድ ሰዎች…" ብላችሁ መልእክት አትላኩ፣ ጥፋተኛው እኔን አይደለም ይላል፣ ጥፋት የሌለባት ደሞ እኔን ይሆን ብላ ትሳቀቃለች።

ሌላው ሰውን ሚያስፈራራ፣ ሚነካካ፣ ሚያንቋሽሽ ነው። እዚ ላይ ደረጃ በደረጃ ሚባል ነገር የለም። ምን እንደማይፈቀድ ሲመዘገቡ ፈርመው ይግቡ፣ ለማን እንደሚነገር ሁለት ሰው በስም ይታወቅ (ሁለት ያልኩት አንዱ ራሱ ችግሩ ሊሆን ስለሚችል ነው)፣ የነገረቻችሁን ሴት አምናችሁ ስሙ፣ ቶሎ ወስኑ። ጥሩ ከፋይ ነው፣ ታዋቂ ነው፣ ብዙ ሰው ያመጣል ብላችሁ ስትታገሱ ሌሎቹ ዝም ብለው አንድ በአንድ ይወጣሉ፣ ለምን እንደወጡም አይነግሯችሁም።

ስንት ሰው ሲሆን ነው በዛ ሚባለው?

ሮቢን ደንባር ሚባል እንግሊዛዊ ተመራማሪ በ1990ዎቹ አንድ ሰው ግንኙነቱን ጠብቆ ሊያውቃቸው ሚችለው ሰዎች 150 አካባቢ ናቸው ብሎ ገምቷል። ግምት ነው፣ ሚከራከሩትም አሉ፣ ግን እንደ መቆሚያ ምልክት ይጠቅማል፣ ከዛ በላይ ከሆናችሁ ሆስቱ ስም መርሳት ይጀምራል። እኔ ግን ከቁጥሩ በላይ ርቀቱን ነው ማየው። ኤምአይቲ ሚባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ተመራማሪ የነበረው ቶማስ አለን በ1970ዎቹ መሃንዲሶችን አጥንቶ ሰዎች ጠረጴዛቸው በተራራቀ ቁጥር ሚያወሩት በፍጥነት እንደሚቀንስ አሳየ፣ 50 ሜትር አካባቢ ሲደርስ በመደበኛነት መነጋገራቸው ወደ ምንም ይጠጋል፣ የተለያየ ፎቅ ደሞ ሌላ ህንፃ ማለት ነው። ስለዚ ስትሰፉ ሁለተኛ ፎቅ ጨምሮ አንድ ትልቅ ቤት ከማድረግ ሌላ ሰፈር ላይ የራሱ ሆስት ያለው ትንሽ ቤት መክፈት ይሻላል፣ ሜምበሮቹ ሁለቱም ጋ መግባት እንዲችሉ አድርጎ። ፎቅ መጨመር ግድ ከሆነ ግን ምግብ ሚበላበትንና ፕሪንተሩን አንድ ቦታ ብቻ አድርጉ፣ ሁሉም ሰው ቢያንስ በቀን አንዴ እዛ ይገናኛል።

ኦንላይን ብቻ ማድረግ አይቻልም?

ይቻላል፣ በ2020 ወረርሽኙ ሲመጣ ብዙ ቤቶች ተገደው አድርገውታል፣ ካሜራ ከፍቶ ድምፅ ዘግቶ አብሮ መስራት። ለሩቅ ሰው፣ ልጅ ቤት ለሚጠብቅ ሰው፣ ከቤት መውጣት ለሚከብደው ሰው ትልቅ ነገር ነው፣ ቤት ከከፈታችሁም በኋላ አትዝጉት። አሰራሩ ያው ነው፣ ቋሚ ሰዓት፣ መጀመሪያ ላይ ዛሬ ምን ልትሰራ ነው፣ 50 ደቂቃ ስራ፣ አስር ደቂቃ ወሬ። ቴሌግራም ግሩፕ ብቻውን ግን ይሄን አይተካም፣ ግሩፕ ላይ ሰው ሚመጣው ሲፈልግ ነው። ግሩፑን ከያዛችሁም የስራ ማስታወቂያውን ከወሬው ለዩት፣ ሁለት የተለያየ ቻናል ይሁን፣ ካልለያችሁት ስራ ፈልጎ የገባው ሰው በወሬው ብዛት የግሩፑን ድምፅ ያጠፋል፣ ሊያወራ የገባው ደሞ ማስታወቂያውን አይቶ ይወጣል።